ከአልጋው አጠገብ ያለው ላይተር

የዚህ እትም ዋና ጽሑፍ በፈረንሳዊው ክሎድ ሻብሮል «ላ ፋም አንፊዴል» (ታማኝ ያልሆነችው ሚስት) ላይ ያተኩራል። ፊልሙ ለእይታ የበቃው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ሚስቲቱን ኤሌንን የተጫወተችው ስቴፋን ኦድራን በዚያን ጊዜ የሻብሮል የራሱ ባለቤት ነበረች።

ሻርል (ሚሼል ቡኬ) በኢንሹራንስ ሥራ የሚተዳደር፣ ከሚስቱና ከልጁ ጋር በምቾት የሚኖር ጸጥተኛ ሰው ነው። ሚስቱን ሲጠረጥር የግል መርማሪ ይቀጥራል፤ ከዚያም በገዛ እግሩ ወደ ውሽማዋ ቤት ይሄዳል። ሁለቱ ወንዶች ተቀምጠው መጠጥ ይጎነጫሉ፤ ላያቸው የቆዩ ወዳጆች ይመስላሉ። ሻርልን የሚያስገነፍለው ለሚስቱ ለጋብቻቸው መታሰቢያ የሰጣትን ትልቅ ላይተር ከሰውየው አልጋ አጠገብ ማየቱ ነው። ያገኘውን ቅርጻ ቅርጽ አንስቶ ይመታዋል።

የፊልሙ ልብ ከዚህ በኋላ ይጀምራል። ሻርል ደሙን ያብሳል፣ ሬሳውን ይጠቀልላል፣ መኪናው ላይ ይጭናል። መንገድ ላይ ሌላ መኪና ከኋላው ይገጨዋል። ኩሬ ውስጥ የጣለው ጥቅል እንኳ ቶሎ አልሰምጥም ይላል፤ ተመልካቹ ሳያውቀው ለገዳዩ ይጨነቃል።

ኤሌን የውሽማዋን ፎቶግራፍ ከባሏ ኪስ ታገኛለች። አቃጠለችው፤ አንዲት ቃልም አልተነፈሰችም። ለዝግጅት ክፍሉ ከበቀሉ ይልቅ ይህ ዝምታ ይከብዳል።

ኤድሪያን ላይን በ2002 የሠራውን የአሜሪካ ቅጂ ያዩ አንባቢያን ሁለቱን እንዲያነጻጽሩ ዝግጅት ክፍሉ አጥብቆ ይጋብዛል። በሻብሮል ፊልም መጨረሻ ፖሊሶች ሲመጡ ሻርል ወደ እነሱ ይሄዳል፤ ካሜራው ግን ወደ ኋላ እየራቀ፣ ሌንሱ እናትና ልጁን ወደ ፊት እየሳበ ይቀራል።