መጀመሪያ ሻንሲው

አጎቴ ባለፈው ጥቅምት ከመሐል ሜዳ ደወለና «አንተ ልጅ፣ መኪናዋ እኮ ወጣት ሆነች! ጣርማበርን በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁት!» አለኝ። መኪናዋ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፕ ናት፤ ፊቷም ኋላዋም ባሌስትራ የሆነችው፣ ሁላችሁም የምታውቋት ዓይነት። የድሮውን 2.4 ሊትር የናፍጣ ሞተር አስወጥቶ ባለ 3 ሊትር ቱርቦ አስገብቶባታል። የአክስቴ ልጆች ዳገቱን ስትወጣ ቀርጸው ቲክቶክ ላይ ለቀቁት። ሕዝቡ «አንበሳ!» «ነፍስ ናት!» እያለ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እንዲያውም የሞተሩን ግማሽ ብር የላክሁት እኔ ነኝ።

ለገና ስሄድ የእጅ ባትሪ ይዤ ከሥሯ ተኛሁ። የኋላው ባሌስትራ ፊተኛው ጫፍ ከሻንሲው ጋር በሚታሰርበት ቦታ፣ ከአዲስ ብየዳ ጠርዝ የጀመረ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አየሁ። በጥፍሬ ሞከርኩት፤ ጥፍሬን ያዘው። በማግስቱ በዚያችው መኪና ስምንት ሰውና አራት በግ ወደ ደብረ ሲና ሊወርድ ነበር።

አቋሜ አጭር ነው። ሻንሲውን፣ ባሌስትራውንና ፍሬኑን ሳያጠነክሩ አሮጌ ፒካፕ ላይ ጉልበተኛ ሞተር መጫን አደጋውን ከዳገት ወደ ቁልቁለት ማዛወር ነው። እኛ ደግሞ ዳገቱን ብቻ እየቀረጽን እናጨበጭባለን።

መጀመሪያ ግን ለአጎቴ ልከራከርለት። ሞተር የቀየረው ለጉራ አይደለም። መንዝ ከፍ ያለ አገር ነው። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያንኑ ስስ አየር ስለሆነ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ድሮም ደካማ የነበረው ሞተር መንዝ ላይ የሚሠራው በሁለት ሦስተኛ አቅሙ ነው ማለት ነው። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ሽንኩርትና ማሾ ጭኖ እስከ ጣርማበር ከ1,500 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት ያለበት ሰው፣ መኪናው ጥቁር ጭስ እየተፋች በአንደኛ ማርሽ ስታቃስት ስንት ዓመት ይታገሥ? ቱርቦ አየሩን ጨምቆ ያስገባል፤ ችግሩን በትክክል ይፈታል። በሞተሩ ምርጫ አልጣላም።

የምጣላው ከሱ በኋላ በመጣው ነገር ነው።

ሒሳቡን እንየው። የድሮው ሞተር የመጠምዘዝ ኃይሉ ወደ 165 ኒውተን ሜትር ነው፤ የአዲሱ ወደ 290። ይህ ቁጥር በአንደኛ ማርሽ አራት ጊዜ ገደማ፣ በዲፈረንሻሉ ደግሞ ሌላ አራት ጊዜ ገደማ ይባዛል። ስለዚህ የኋላው አክስል ላይ የሚደርሰው ከ2,600 ወደ 4,600 ገደማ አደገ ማለት ነው። ጎማው ወደፊት ሲገፋ አክስሉ ራሱ ወደ ኋላ መጠምዘዝ ይፈልጋል፤ ያንን የሚይዘው ባሌስትራው ነው። ባሌስትራው የተሸከመውን ለሻንሲው ያስረክባል። ሻንሲው የተሠራው ግን ለድሮው ሞተር ነው፤ ያውም በዝገትና በሠላሳ ዓመት ኮረኮንች ከመድከሙ በፊት።

ጋራዡ «አጠነከርነው» ያለው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ባሌስትራ ጨመረ፤ አምስት የነበረውን ስምንት አደረገው። ሁለተኛ፣ ከሻንሲው ጎን አራት ማዕዘን ላሜራ ቆርጦ ዙሪያውን በየደው። ሁለቱም በየጋራዡ የሚሠሩ ናቸው፤ ሁለቱም ጥንካሬ ይመስላሉ።

ባሌስትራ መጨመር መኪናዋን ከፍ ያደርጋታል፤ ስትጫን አትጎብጥም። ዓይን ያያል፣ ልብ ይረካል። ነገር ግን የባሌስትራ ሥራው መታጠፍ ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ የማይታጠፍ ባሌስትራ ምቱን በሙሉ ወደ ላይ ያቀብላል፤ ሻንሲው ይቀበላል። አሞርዛተሩ ደግሞ የድሮው ነው፤ የደነደነውን ባሌስትራ ንዝረት መግታት አይችልም። ስለዚህ ባዶዋን ስትሄድ ጎማው እንደ ኳስ ይነጥራል። የነጠረ ጎማ መሬት አልያዘም፤ መሬት ያልያዘ ጎማ ፍሬንም መሪም የለውም።

አራት ማዕዘኑ ላሜራ ይብሳል። ሻንሲ ሲጫን የላይኛውና የታችኛው ከንፈሩ ነው በብዛት የሚጨነቀው፤ የጎኑ መሐል ብዙ አይጨነቅም። በከንፈሩ ላይ አግድም መበየድ ብረቱን በጣም በሚጨነቅበት ቦታ በሙቀት ማድከም ነው። ከዚያ ደግሞ ላሜራው ድንገት የሚያልቅበት መስመር አለ። ከመስመሩ ወዲህ ድንጋይ፣ ከመስመሩ ወዲያ እንደ ድሮው የሚተጣጠፍ ብረት። መታጠፉ ሁሉ እዚያች መስመር ላይ ይከማቻል። ያየሁት ስንጥቅ የጀመረው እዚያው ነው። አጠናካሪው ነው የሰነጠቀው።

ትክክለኛው አሠራር ሚስጥር አይደለም። ሻንሲው መጀመሪያ እስከ ብረቱ ይጸዳል፤ የሚጎዳው ዝገት ብዙውን ጊዜ ከውስጥ ነው። ስንጥቅ ካለ መጨረሻው ተፈልጎ በድሪል ይበሳል፣ እንዳይቀጥል። ከዚያ ተፈልፍሎ እስከ ጥልቀቱ ይበየዳል። የሚጨመረው ላሜራ ጫፎቹ እንደ ጦር የሾሉ ይሁኑ፤ ብየዳው በቁመት ይሂድ፤ ከንፈሩ ላይ አይሻገር። ቀዳዳ ካስፈለገ ጎኑ ላይ እንጂ ከንፈሩ ላይ አይበሳ። ሻንሲው አንድ ጎኑ ክፍት ከሆነ ደግሞ ይህን አስቡ፦ ሸንበቆ ወስዳችሁ ለመጠምዘዝ ሞክሩ፤ ከዚያ በቁመቱ ሰንጥቃችሁ ሞክሩ። የተሰነጠቀው እጃችሁ ላይ ይልከሰከሳል። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ፣ ሌላው ድንጋይ ላይ በሚውልበት መንገድ ሻንሲው የሚጠመዘዘው እንደዚያ ነው። አዲሱ ሞተር በሚቀመጥበት አካባቢ ጎኑን መዝጋትና ተሻጋሪ ብረት መጨመር ከስምንት ባሌስትራ ይበልጣል። ከዚያ የሞተር ጎሚኒው፣ ክሮቼራው፣ አሞርዛተሩ፣ በመጨረሻም ፍሬኑ።

ፍሬኑን በመጨረሻ የጠቀስኩት ስለሚያንስ አይደለም። ሦስት ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ከ80 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከለሚ ወደ ጀማ ወንዝ፣ ወይም ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና የወረደ ሰው የፍሬን ሸራ ሲቃጠል የሚሸተውን ያውቀዋል። ያ ሙቀት ከሞተሩ ጉልበት ጋር ጉዳይ የለውም። ጉልበት ያለው መኪና ግን የበለጠ ይጫናል፤ የበለጠ የተጫነ መኪና ቁልቁለቱ ላይ ያን ሁሉ ለድሮው ታምቡር ይሰጠዋል።

«ገንዘብ የለማ!» ትላላችሁ። ለሞተሩ ግን ነበረ። ከየት መጣ? ከእኔ። ሞተር ድምፅ አለው፣ ቪዲዮ ላይ ይታያል፣ ስም ያወጣል። ለሻንሲ ብር ላክልኝ ያለኝ ዘመድ የለም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

ጥፋቱን መካኒኩ ላይ ብቻ መጫንም ፍርደ ገምድልነት ነው። ያ ሰው ያለ መጽሐፍ፣ ያለ መለኪያ፣ ከሌላ መኪና የመጣን ሞተር ካምቢዮ አስማምቶ አስነስቷል። እኔ ለአምስት ዓመት በመንግሥት ወጪ ምሕንድስና ተምሬ፣ የምሰሶ መታጠፍን ወረቀት ላይ እያሰላሁ «ኤ» አምጥቼ፣ ዛሬ ኮድ እጽፋለሁ። ከክፍል ጓደኞቼም ጋራዥ የገባ አላውቅም። ሒሳቡን የሚያውቀው ከመኪናው ሥር አይተኛም፤ ከመኪናው ሥር የሚተኛው ሒሳቡን የነገረው የለም። መንግሥትንም እንጠይቅ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። የኤሌክትሪኩ ነገር ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለገጠሩ ግን ያው ያሉት አሮጌዎቹ ናቸው፤ ገና ሌላ ሞተር ይገባባቸዋል። ሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥር ይጻፋል። ሻንሲው አዲሱን ሞተር ይችላል ብሎ በስሙ የሚፈርመውስ ማነው? አውስትራሊያ ውስጥ እንዲህ ያለ ከባድ ለውጥ ብቁ ባለሙያ መርምሮ ካልፈረመበት መንገድ ላይ አይወጣም። እኛ አገር ፈራሚ ሊሆን የሚችል ሥራ ፈት መሐንዲስ ሞልቷል። በየዞኑ ከተማ ጥቂቶቹን መቅጠር የሚያቅት አይመስለኝም።

ያን ዕለት አጎቴ ተቆጣ። «ሠላሳ ዓመት ያልተሰበረ አሁን ባንተ ባትሪ ሊሰበር ነው?» አለኝ። «ጋሼ፣ ሠላሳ ዓመት የተሸከመው ሌላ ሞተር ነው» አልኩትና ባትሪውን ሰጠሁት። ጋቢውን አውልቆ ከሥሯ ተኛ። ብዙ ቆየ። ሲወጣ ምንም አላለም፤ ወደ በረቱ ሄዶ በጎቹን ፈታቸው። በማግስቱ እነሱም ሰዎቹም በአይሱዙ ወረዱ።

ሻንሲው አሁን ተሠርቷል፤ ባሌስትራው ወደ ስድስት ወርዷል፤ የፊት ፍሬኑ ተቀይሯል። ብሩን ሳልጠየቅ ላክሁ። የአክስቴ ልጆች ከሥሯ ገብተው ያንንም ቀርጸው ለቀቁት። ያየሁ ጊዜ ሦስት ላይክ ነበረው፤ አንዱ የእኔ ነው።