ከድጡ ወደ ማጡ የሚወስድ «አማራጭ»

አንድ መንግሥት የዜጎቹን የኢሜይል ሳጥን ሲዘጋ አጽናኝ አይጠፋም። «ታዲያ ይህ ምን ያስጮኻል? አንዱ ቢዘጋ ሌላ ይከፈታል፤ አማራጩ ሞልቷል» ይላል። ይህን ከባለሥልጣን አፍ ብቻ ሰምቼው ቢሆን ባልደነቀኝ ነበር። የሚገርመኝ፣ ቴክኖሎጂ እናውቃለን የሚሉ የተማሩ ወገኖቻችን ሳይቀሩ እንደ ብልህ ምክር መላልሰው ማስተጋባታቸው ነው። እኔ ግን እላለሁ፦ የመዝጋቱ ውጤት ብዙውን ጊዜ ሰውን ዝም ማሰኘት ሳይሆን ወደ ተዘጋጀለት በረት መንዳት ነው። «ሌላ ክፈቱ» ከማለት በፊት የሌላው ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ መጠየቅ ይገባል።

ምስክር ልጥራ (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኢራን በሴፕቴምበር 2012 ጂሜይልን ዘጋች። ሰበቡ ያን ሰሞን ሙስሊሙን ዓለም ያስቆጣ ፊልም በዩቲዩብ መሠራጨቱ ነበር። ከባለሥልጣናቱ አንዱ የሰጡት ማብራሪያ ግን ያስቃል፤ መዝጋት የፈለጉት ዩቲዩብን ኖሯል፣ ጂሜይልን ከእርሱ ለይቶ የማስቀረት ቴክኒካዊ ዐቅም ስላልነበራቸው አብሮ ተዘጋ። የራሳቸው የምክር ቤት አባላት ሳይቀሩ አማረሩና በሳምንት ገደማ ተከፈተ። ነገሩ በዚያ አበቃ ሲባል፣ በጁላይ 2013 የመገናኛ ሚኒስትሩ ብቅ ብለው ለእያንዳንዱ ኢራናዊ ብሔራዊ የኢሜይል አድራሻ እንደሚሰጠው አበሠሩ። እነሆ አማራጭ!

ቻይና ይህን በትዕግሥት ሠራችው። በጁን 2014፣ የቲያናንመን እልቂት 25ኛ ዓመት ሲቃረብ፣ የጂሜይል ድረ ገጽ ታነቀ። ያም ሆኖ በአውትሉክና በስልክ ፕሮግራሞች አማካይነት መልእክታቸውን የሚያወርዱ ሰዎች ነበሩ። በዲሴምበር 2014 መጨረሻ ያም ቀዳዳ ተደፈነ። የውጭ ጉዳይ ቃል አቀባይዋ ሲጠየቁ ስለ ጉዳዩ አላውቅም አሉ። ለውጭ ዩኒቨርሲቲ አመልክቶ መልስ የሚጠብቅ ተማሪ፣ ከባሕር ማዶ ደንበኛ ጋር የሚጻጻፍ ነጋዴ ምን ያድርግ? የአገር ውስጡ ሳጥን ክፍት ነው፤ ፈጣን ነው፤ ነፃ ነው።

ክፍት ሳጥን ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ጋዜጠኛው ሺ ታዎ ያውቀዋል። በ2004 ለጋዜጠኞች የተላለፈውን የሳንሱር መመሪያ በያሁ ኢሜይሉ ወደ ውጭ አገር ላከ። ያሁ የአድራሻውን ባለቤት የሚያሳይ መረጃ ለባለሥልጣናቱ ሰጠ፤ በ2005 ዐሥር ዓመት ተፈረደበት፤ የወጣው በ2013 ነው። ልብ በሉ፤ ያ ኢሜይል አልተዘጋም ነበር። ቢዘጋበት ኖሮ ይሻለው ነበር ብል ተጋነነ እባላለሁን?

ሩሲያ በ2020 መጀመሪያ ላይ ስታርትሜይልን፣ ፕሮቶንሜይልንና ቱታኖታን ተራ በተራ ዘጋች። የፕሮቶንሜይል ጥፋቱ በሐሰተኛ የቦምብ ማስፈራሪያ ሰበብ የተጠየቀውን የተጠቃሚ መረጃ አለመስጠቱ ነበር። በመንግሥት መዝገብ የሰፈሩት የአገር ውስጥ ኢሜይሎች ግን አልተነኩም፤ በ2016 በወጣው ሕግ የደንበኞቻቸውን መልእክት እስከ ስድስት ወር አከማችተው እንዲያቆዩ ታዝዘዋልና። የቱ እንደተዘጋና የቱ እንደተተወ ማየት ብቻ ይበቃል።

በእኛስ አገር? እኛ ዘንድ አማራጭ መማሩ ራሱ ወንጀል ተደርጎ ተቆጥሯል። በኤፕሪል 2014 ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ በአዋጅ ቁጥር 652/2001 (ይህቺ ብቻ በእኛ አቆጣጠር ናት) በሽብር ተከሰሱ። በክሱ ውስጥ ከተዘረዘረባቸው አንዱ «ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» በተባለው፣ ማንም በነፃ በሚያነበው መመሪያ መልእክትን ስለ መመስጠር መሠልጠናቸው ነበር። ግማሾቹ በጁላይ 2015 ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ፤ የቀሩት በኦክቶበር 2015 ከሽብር ክሱ ነፃ ተባሉ። አዋጁም በ2020 በሌላ ተተክቷል። እንግዲህ «አማራጩ ሞልቷል» ባዩ ወገናችን ይህን ዶሴ አላነበበውም ማለት ነው።

እንግዲያስ የውጭውን እንምረጥ? አዎን፤ ግን መልአክ አትፈልጉ። ላቫቢት የሚባለው የአሜሪካ አገልግሎት የደንበኞቹን ሁሉ መልእክት የሚያጋልጠውን ቁልፍ እንዲያስረክብ በፍርድ ቤት ታዘዘና በኦገስት 2013 ባለቤቱ ድርጅቱን ዘጋው። ፕሮቶን ራሱ በ2021 በስዊዘርላንድ ባለሥልጣናት ትእዛዝ የአንድ ፈረንሳዊ የአየር ንብረት ተሟጋች የአይፒ አድራሻ መዝግቦ ሰጥቷል፤ የመልእክቶቹን ይዘት ግን ተመስጥሮ ስለሚቀመጥ ሊሰጥ አይችልም ነበር። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ድርጅቱ ሊያነበው የማይችለውን ደብዳቤ አሳልፎ ሊሰጥ አይችልም።

የዘመኑ ሰው ኢሜይሉን ሲነጠቅ የሚያጣው ደብዳቤ ብቻ አይደለም። የባንኩ፣ የትምህርት ቤቱ፣ የሌሎች አካውንቶቹ ሁሉ የይለፍ ቃል የሚታደሰው በዚያ አድራሻ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን አድራሻ መክፈት የሚገባው ሳጥኑ ሳይዘጋ ነው፤ ከተዘጋ በኋላማ አሮጌውን ደብዳቤ ለማውረድ ቪፒኤን ፍለጋ መንከራተት ነው። ዐቅሙ ያለው የራሱን ዶሜይን ይግዛ፤ አስተናጋጁ ቢዘጋበት አድራሻውን ይዞ ወደ ሌላ ይሻገራል። ኢሜይል እንደ ቴሌግራም ወይም እንደ ዋትስአፕ የአንድ ኩባንያ ግቢ ባለመሆኑ ይህን ይፈቅዳል፤ ከየትም ወደ የትም ይጻፍበታል።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። እርስዎ ደብዳቤዎን ስዊዘርላንድ ቢያስቀምጡት፣ የሚጽፉለት ወዳጅዎ ደግሞ በአገር ውስጥ ሳጥን ቢቀበለው፣ ደብዳቤው ሁለት ቅጂ አለው፤ ሁለተኛውም የሚገኘው እርስዎ ከሸሹት ደጃፍ ነው። አድራሻ የሚቀይር ሰው ብቻውን አይቀይር።