የውሻ ክትባትና የማቀዝቀዣ ነገር በካላክላ

ከካርቱም ወደ ጀበል አውሊያ በሚወስደው መንገድ፣ በነጭ ዓባይ ምሥራቃዊ ዳር ባለችው በካላክላ፣ ውሻ ወይም ድመት የሚያሳድግ ሰው ወደ የትኛው የእንስሳት ሐኪም ቤት ይሂድ ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙው ሰው ለቤቱ ወደሚቀርበውና ዋጋው ወደሚቀለው ነው ብሎ ይመልሳል። ነገሩ የእግር ቍስል ወይም የመዥገር ጕዳይ ቢሆን ይህ መልስ አያስነቅፍም፤ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሲሆን ግን ስሕተት ነው።

የክትባቱ መድኃኒት ከፋብሪካ ከወጣበት ቀን አንሥቶ ከውሻው ቆዳ ሥር እስኪገባ ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ሊጠበቅ ይገባዋል። የካርቱም የግንቦት ሙቀት ደግሞ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሙቀት ያደከመውን መድኃኒት ከደኅናው በዐይን መለየት አይቻልም፤ መልኩም ዋጋውም ያው ነው። ውሻው ይወጋል፣ ባለቤቱም ወረቀቱን ተቀብሎ ተማምኖ ወደ ቤቱ ይገባል። ውሻውን ያላስከተበ ሰው ቢያንስ ይጠነቀቃል፤ በከንቱ ያስከተበ ግን ልጆቹን ከውሻው ጋራ አጫውቶ ይተኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዚህ በሽታ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚሆን ሰው ይሞታል፤ ከአሥሩም አራቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. በውሻ የተነከሰውን ብላቴና ዦዜፍ ማይስተርን የከተበው ምልክቱ ሳይታይ ቀድሞ ነበር።

በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. የተነሣው ጦርነት የመብራቱን መሥመር ሰባበረ፤ ባለቤቶቻቸው የሸሹባቸው ውሾችም በየሰፈሩ ቀሩ። የሱዳን ጦር የካርቱምን ግዛት በሙሉ መያዙን ያስታወቀው በግንቦት 2025 ነው። እንግዲህ ወደ ካላክላ የሚመለስ ሰው፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሄዶ በዚያ ቤት የያዘውም ወገን ጭምር፣ ከሐኪም ቤቱ ሰሌዳ በፊት ማቀዝቀዣውን ይመልከት። መብራት ሲጠፋ በምን ይሠራል? በውስጡስ የሙቀት መለኪያ አለበት? የመጠጥ ውሃ ለመቅዳት በየሩብ ሰዓቱ የሚከፈት ማቀዝቀዣ (ይህ በየቦታው የሚታይ ነው) የመድኃኒት ማቀዝቀዣ አይባልም። የመድኃኒቱ ስም፣ የተሠራበት ተራ ቍጥርና የተወጋበት ቀን በወረቀቱ ላይ ካልተጻፈም ገንዘቡን አስመልሶ መሄድ ነውር የለበትም።

በሱዳን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1938 እ.ኤ.አ. ነው፤ በሻምባት ያለው የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ፋኩልቲም የእርሱ ተከታይ ነው። ስለዚህ የጐደለው የተማረ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ሻምባት ከካላክላ ከዓባይ ማዶ ናት፣ የድኻ ሰው ኪስም መንገዱን አይችለውም። ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት የሐኪሙን ዲፕሎማ ብቻ አይቶ ማኅተም ከሚመታ፣ ማቀዝቀዣውንም በየጊዜው ቢመረምር ለድኻው ይበጀዋል። በሽታውን ከአንድ አገር ለማጥፋት ከ100 ውሾች 70ው መከተብ አለባቸው የሚባለውም የሚሠራው ክትባቱ እውነተኛ ሲሆን ነው።

እስከዚያው ግን የተነከሰ ልጅ ያለው ወላጅ፣ የውሻው ወረቀት ምንም ቢል፣ ቍስሉን 15 ደቂቃ ሙሉ በውሃና በሳሙና አጥቦ፣ በዚያው ቀን ልጁን ወደ ሰው ሐኪም ቤት ይውሰደው።