ወረዳዎች በጋራ ያቆሙት ንብረትና የጣሪያና ግድግዳ ግብር

በ1890 ዓ.ም. ከተደረገው የራስ መኰንን ዘመቻ ወዲህ የቤኒሻንጉል ሹማምንት ለብዙ ዘመን ግብራቸውን በወርቅ ሲያገቡ የኖሩ ስለ ሆነ፣ ማን ለማን ይገብራል የሚለው ጥያቄ ለዚህ ምድር እንግዳ አይደለም፤ ዛሬ የምናነሣው ግን ከዚያ የተለየ ነው፤ ይኸውም ጎረቤታሞች የሆኑ ወረዳዎችና ከተሞች ገንዘባቸውን አዋጥተው ለሕዝባቸው አገልግሎት የሚያቆሙት ንብረት፣ መሬቱ ለሚገኝበት ወረዳ ግብር ይክፈል ወይስ አይክፈል የሚለው ነው።

የፌዴራል ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 100 ንዑስ አንቀጽ 3 የፌዴራሉ መንግሥትና ክልሎች፣ ለትርፍ የቆመ ድርጅት ካልሆነ በቀር፣ አንዱ በሌላው ንብረት ላይ ግብር እንዳይጥል ስለ ከለከለ፣ ጉባ ላይ ስለ ቆመው ታላቅ ግድብ እንኳ ጥያቄ ቢነሣ መነሻ የሚሆን ድንጋጌ አይታጣም። እንደ አሶሳና ባምባሲ ያሉት ወረዳዎች ግን ክልሎች አይደሉምና ስለ እነርሱ የተናገረው ነገር የለም። የከተማ ቦታ ኪራይንና የከተማ ቤት ግብርን የደነገገው የ1968 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 80ም ከመንግሥት ወገን ነጻ ያደረገው ከማዕከላዊው ግምጃ ቤት በጀት የሚቀበሉትን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነው፤ ያም ሕግ የወጣው ክልል የሚባል አስተዳደር ባልነበረበት ዘመን በመሆኑ፣ የሦስት ወረዳዎችን የጋራ ጥሪት ያሰበ አይደለም።

አሶሳ፣ ባምባሲና ሆሞሻ ተስማምተው በአንዳቸው መሬት ላይ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ቢያስቆፍሩ፣ ከጎኑም የሞተር ቤትና የውሃ ማጠራቀሚያ ቢያሠሩ ምን ይሆናል? ገማቹ ሜትሩን ዘርግቶ ግድግዳውን ለክቶ፣ የቆርቆሮውን ጣሪያ አይቶ፣ ቦታውንም በካሬ ሜትር አስልቶ ግብሩን ሲጽፍ፣ ያ ገንዘብ በውሃው ዋጋ ላይ ተጨምሮ ጄሪካኗን ይዛ ከቦኖው ወረፋ ከቆመችው እናት ይሰበሰባል፤ ግብሩን የጣለው ወረዳ ሕዝብም ራሱ ከከፋዮቹ አንዱ ይሆናል። ይህ ከርትዕ የራቀ ነው፤ ከዚህም የከፋው፣ ተባብሮ መሥራት ተለይቶ ከመሥራት ይልቅ የሚያስከፍል ከሆነ ሦስቱም ወረዳዎች ለየብቻቸው ሦስት ደካማ ጉድጓድ መቆፈርን ይመርጣሉ።

እርግጥ ነው፣ መሬቱን የሰጠው ወረዳም እውነተኛ ጉዳት አለው፤ ገቢ ሊያስገኝለት ይችል የነበረውን ቦታ ይለቃል፣ ንብረቱ የቆሻሻ መድፊያ ወይም ቄራ በሆነ ጊዜም ሽታውንና የከባድ መኪናውን አቧራ የሚችለው የእርሱ ሕዝብ ነው። ይህ ጉዳት ሊካስ ይገባል፤ ካሣው ግን በግምት የሚጣል ግብር ሳይሆን፣ ሥራው ሳይጀመር ባለድርሻዎቹ በስምምነታቸው ቈርጠው የሚጽፉት የታወቀ ክፍያ መሆን አለበት። ከዚሁ ግቢ ለሱቅ ወይም ለመጋዘን የተከራየ ክፍል ቢኖር፣ ያ ክፍል ብቻ እንደ ማንኛውም ነጋዴ ቤት ይገብር፣ ግብሩንም ባለድርሻዎቹ እንደ መዋጮአቸው መጠን ይካፈሉት።

በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን ካጸደቀ ወዲህ ጉዳዩ ወደ ክልሎች ስለ መጣ፣ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ምክር ቤት በሚያወጣው ሕግ ውስጥ ወረዳዎች ለሕዝብ አገልግሎት በጋራ ያቆሙትን ንብረት ከግብር ነጻ የሚያደርግ ግልጥ አንቀጽ እንዲያሰፍር፣ ይህንንም ገማቾች ወደ ወረዳዎቹ ከመሠማራታቸው በፊት እንዲፈጽም እንጠይቃለን።