ሚዛን፦ የፊዚክስም የእናቶቻችንም ጉዳይ

የፊዚክስ መምህር ስለ ማረጥ ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም። የሚያገባኝ፣ ቀጥ ብሎ መቆም ራሱ የፊዚክስ ጥያቄ በመሆኑ ነው።

የቆመ ሰው እንደ ተገለበጠ ፔንዱለም ሊታይ ይችላል። የክብደት ማዕከሉ በዳሌ አካባቢ፣ ከቁርጭምጭሚት 1 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል። እንዲህ ያለ አካል 1 ዲግሪ ቢያዘነብልና የሚያርመው ኃይል ባይኖር፣ ከ1 ሴኮንድ በኋላ ዝንባሌው ወደ 11 ዲግሪ ይደርሳል። ከመውደቅ የሚያድነን፣ ዓይን፣ የውስጥ ጆሮና መገጣጠሚያ በሚልኩት መልእክት መሠረት በቅጽበት የሚኮማተረው ጡንቻ ነው።

በአብዛኛው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚከሰተው ማረጥ ይህን ሥርዓት ይፈታተነዋል። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲቀንስ አጥንት በፍጥነት ይሳሳል፤ ጡንቻም ከዕድሜ ጋር ይደክማል። ስለዚህ መውደቅም፣ ወድቆ መሰበርም ይቀላል።

«እናቶቻችን ከማለዳ እስከ ማታ ሲሠሩ ይውላሉ፤ ስፖርት ምን ያደርግላቸዋል?» የሚለውን ክርክር አልቀበለውም። ጎንበስ ብሎ ማጠብና ምድጃ ሥር መዋል ያደክማል እንጂ ለሚዛን በቂ ልምምድ አይሆንም። ሚዛን ቀስ በቀስ የሚከብድ ፈተና ይሻል፤ በአንድ እግር መቆም፣ ተረከዝን ከጣት እያስነኩ መራመድ፣ በእጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሣት። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የኮክሬን ግምገማ፣ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ የአካል እንቅስቃሴ የመውደቅን ብዛት በ23 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ከተሳታፊዎቹም አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ልማዱ ግን ስልሳ ዓመት እስኪሞላ መጠበቅ የለበትም።

ጥቅሙም በአጥንት አያበቃም። እንቅስቃሴ ድንገት የሚመጣውን የሰውነት ሙቀት እንደሚያስቀር የሚያሳምን ማስረጃ ባይኖርም፣ ለእንቅልፍና ለመንፈስ እርጋታ ይረዳል።

ማረጥ በሹክሹክታ የሚወራ ነገር ሆኖ መቅረት የለበትም። ውድ ተማሪዎች፣ ለዕረፍት ወደ ቤት ስትመለሱ ከእናቶቻችሁ ጋር ግድግዳ አጠገብ በአንድ እግር ለመቆም ሞክሩ። አጥንታቸው እንደሳሳ የተነገራቸው ካሉ በቅድሚያ ሐኪም ያማክሩ። በክፍል ውስጥ የተማራችሁት የሚዛን ሕግ ቤታችሁ ካልደረሰ፣ ዕውቀቱ ከፈተና ወረቀት አላለፈም ማለት ነው።