ለዋቅላሚ ማን ስም ያውጣለት?

በአራዳ ሰውን መመደብ የቆየ ሙያ ነው። አንዱን «አራዳ»፥ ሌላውን «ፋራ» ብሎ ለመለየት ፒያሳ ካፌ ውስጥ አንድ ማኪያቶ እስኪጠጣ መቀመጥ ይበቃል። መመዘኛውም ጫማው፥ አነጋገሩና አረማመዱ ነው። የሰፈር ስም የነበረው «አራዳ» ራሱ ዛሬ የሰው ዓይነት መጠሪያ ሆኗል። ይህን ሙያ ጠንቅቀን የምናውቅ እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች፥ የሣይንስ ባልንጀራችን «ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የሞተ ዋቅላሚ እየመደብኩ ነው» ሲል ከመካከላችን የሚስቅ አይታጣም። ሳቁ ቦታውን የሳተ ነው እንላለን፤ ምክንያታችንም እነሆ።

ዋቅላሚ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በኩሬ ላይ የሚንሳፈፈውን አረንጓዴ ነገር ብቻ ነው። ከዋቅላሚዎች መካከል ግን ዳያቶም የሚባለው በዓይን የማይታይ፥ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር፥ ቤቱን የሚሠራው ከሲሊካ፥ ማለት መስተዋት ከሚሠራበት ነገር ነው። ፍጡሩ ሲሞት ገላው ይበሰብሳል፤ የመስተዋት ቤቱ ግን ወደ ሐይቁ ወለል ወርዶ ይከማቻል። ዘመን በዘመን ላይ ሲደራረብም ዳያቶማይት የሚባል ነጭና ቀላል ድንጋይ ይሆናል። በስምጥ ሸለቆአችን በአዳሚ ቱሉ አካባቢ እንዲህ ያለ ክምችት አለ። ነጋዴ ቢያየው የቢራ ማጣሪያ ይለዋል፤ የአለቱን ታሪክ የሚያጠና ቢያየው መጽሐፍ ይለዋል።

መጽሐፍነቱ ግን ፊደሉን ለለየ ሰው ብቻ ነው። አንዱ ዝርያ ጨዋማ ውሃ፥ ሌላው ጨው የሌለበትን ይወዳል፤ አንዱ በጥልቅ ሐይቅ ይንሳፈፋል፥ ሌላው ከረግረግ አይወጣም። በየትኛው የደለል ድርብ ላይ የትኛው ዝርያ እንዳለ ያወቀ፥ ሐይቁ መቼ እንደሞላና መቼ እንደጎደለ ያውቃል። ዝዋይ፥ ላንጋኖ፥ አቢጃታና ሻላ በአንድ ወቅት አንድ ሰፊ ሐይቅ እንደነበሩ፥ ትርፉም ወደ አዋሽ ይፈስ እንደነበር የታወቀው ከጥንቱ የባሕር ዳር ምልክትና ከእንዲህ ያለው ንባብ ነው። ጣናም ከ16,000 ዓመት በላይ በፊት ደርቆ እንደነበር ከወለሉ የተቆፈረው ደለል መስክሯል። ያን ጊዜ ከጣና ወደ ዓባይ የሚወርድ ውሃ አልነበረም ማለት ነው።

አባቶቻችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ። ለዳያቶም ግን መልአክ አልመጣለትም፤ ስም የሚያወጣለት ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ የሚውል ሰው ነው፥ ሰውም ይሳሳታል። ጀርመናዊው ክርስቲያን ኤረንበርግ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1820 እስከ 1825 በግብፅና በቀይ ባሕር ዳርቻ ተጉዞ እስከ ምጽዋ ደርሶ ነበር፤ የጉዞ ባልደረባው ሄምፕሪክም በ1825 እዚያው ምጽዋ ሞተ። ይህ ሊቅ ኋላ ዳያቶሞችን ሲያጠና እንስሳት ናቸው ብሎ መደባቸው። ሌሎች ደግሞ ከዕፅዋት ቆጠሯቸው። የዛሬው ምርምር ከሁለቱም እንዳልሆኑ፥ ይልቁን የቡናማው የባሕር ዋቅላሚ ዘመዶች እንደሆኑ ያስረዳል።

ከነዚህ አንዱን ኤረንበርግ በ1843 ጋሊዮኔላ ግራኑላታ ብሎ ሰየመው። ኋላ ሜሎሲራ ተባለ፤ ከ1979 ወዲህ ደግሞ ኦላኮሴይራ ይባላል። ፍጡሩ አንድ፥ ስሙ ሦስት! ይህን ያላወቀ ተማሪ የድሮውን መዝገብ ከአዲሱ ጋር ቢያስተያይ፥ አንዱ ጠፍቶ ሌላ የመጣ መስሎት «ሐይቁ ተለወጠ» ብሎ ይፈርዳል። የተለወጠው ግን ስሙ ብቻ ነው።

የፒያሳ ልጅ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። በጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን የአራዳ ገበያ ጣሊያን በወረራው ዘመን ወደ መርካቶ አዛወረው፤ ለስፍራውም በራሱ ቋንቋ ፒያሳ የሚል ስም ተወለት። የድሮ ጽሑፍ ይዞ «የአራዳ ገበያ የት ነው?» የሚል ሰው ዛሬ አያገኘውም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ነዋሪው በየአቅጣጫው ተበተነ። ቤቱ ከፈረሰ በኋላ የሚቀረው ስሙና ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ነው። የትና ከስንት ሜትር ጥልቀት እንደተወሰደ ያልተጻፈበት ደለልም እንዲሁ ተራ ነጭ አቧራ ነው፤ አንድም ነገር አይመሰክርም።

«ሕዝብ ዳቦ ሲቸግረው ስለ ዋቅላሚ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉን ይኖራሉ። እኛ ግን እንጠይቃቸው፤ የሐረማያ ሐይቅ ዓይናችን እያየ ደርቆ አልነበረምን? አቢጃታስ ከዳርቻው እየሸሸ አይደለምን? ጉድለቱ የሰማይ ነው ወይስ የእጃችን ሥራ? ይህን ለመፍረድ ሐይቁ ሰው ሳይነካው በፊት እንዴት ይሞላና ይጎድል እንደነበር ማወቅ ግድ ነው። ምስክሩ ያ የመስተዋት ቤት ነው፤ በምድቡ ካልተጠራም ቃሉን አይሰጥም።

ፈረንሳዊቷ ፍራንስዋዝ ጋስ የአፋርን፥ የጋደብንና የምሥራቅ አፍሪካን ዳያቶሞች ለይታ በ1980ዎቹ በመጽሐፍ አቅርባለች፤ ምስጋና ይገባታል። የቀረው የእኛ ፈንታ ነው። የሣይንስ ባልንጀሮቻችን ከየሐይቁ የሚያመጡትን ደለል ሙሉ አድራሻውን ጽፈው፥ አሮጌውን ስም ከአዲሱ አጣምረው በገዛ ቤታችን ያኑሩት። እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ደግሞ ቃል እናዋጣ። «ወገን» እና «ዝርያ» የሚሉት ቃላት ሥራ ይዘዋል፤ ለመስተዋት ቤቱ፥ በላዩ ላይ ላለው ጭረትና ቀዳዳ፥ ለደለሉ ድርብ ግን ባላገሩም የሚያውቀው ስም ያስፈልጋል። ሸክላ ሠሪዋ፥ ወርቅ አንጥረኛውና ዓሣ አስጋሪው ቃል አያጡም፤ ሄደን እንጠይቃቸው።

አምስት ኪሎ ባለው ብሔራዊ ሙዚየም የምትገኘውን ድንቅነሽን ሕፃን ሽማግሌው በስሟ ያውቃታል። በስሟ ስላወቃትም የኔ ይላታል። እሷ የኖረችበት ምድር ውሃ ታሪክም እንዲሁ የኛ እንዲሆን ከፈለግን፥ በውስጡ የነበሩትን ታናናሾች በስማቸው መጥራት እንማር።