‹‹ተጠርጣሪዎቹ ተይዘዋል›› ከሚለው ዜና በኋላ፦ የወንጀል መዝገብ ጉዞ ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን

በሙስሊሙ ላይ ጥቃት ሲደርስ በፍጥነት የሚሰራጩት ዜናዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ‹‹ጥቃት ተፈጸመ››፣ ሁለተኛው ‹‹ተጠርጣሪዎች በቁጥጥር ሥር ዋሉ›› የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ወሬው ይቀዘቅዛል። በታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ መስጂዶች ሲቃጠሉም፣ በሚያዝያ 2014 ጎንደር ላይ በቀብር ሥነ ሥርዓት የተገኙ ሙስሊሞች ሲገደሉም አብዛኞቻችን ጉዳዩን የተከታተልነው እስከ እስሩ ድረስ ነበር። ክስ ተመሠረተ ወይ? ምስክር ተሰማ ወይ? መዝገቡ ዛሬ የት ነው? ብሎ በቀጠሮው ቀን ችሎት የተገኘ ጥቂት ነው።

እውነታው ግን የወንጀል ጉዳይ በብዛት የሚበላሸው ፍርድ በሚሰጥበት ቀን አይደለም። ከዚያ በፊት ባለው መንገድ፣ ማንም በማያየው ጊዜ ነው የሚበላሸው። መንገዱን የሚያውቅ ቤተሰብ መብቱን ያስከብራል፤ የማያውቅ ደግሞ ‹‹ፍትሕ የለም›› ብሎ ቤቱ ይቀመጣል።

ነገሩን በቅርብ ለማየት ሰሜን ሸዋን እንውሰድ። የአንኮበር ወረዳ መቀመጫ ጎረቤላ በደጋው ጫፍ ላይ ናት። ወደ ቆላው ሲወረድ ብዙ ሙስሊም የሚኖርባት አልዩ አምባ ትገኛለች። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን አልዩ አምባ የሲራራ ነጋዴዎች የሚያርፉባት የታወቀች ገበያ ነበረች። ዛሬ ከዚያ ቆላ ተነስቶ ወረዳ ፍርድ ቤት ለመድረስ ዳገቱን መውጣት ግድ ነው። የወረዳው ፍርድ ቤት ውሳኔ በይግባኝ የሚታየው ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደብረ ብርሃን በሚገኘው የሰሜን ሸዋ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። እንደ ሆን ብሎ መግደል ያሉ ከባድ ወንጀሎች ከመጀመሪያውም የሚታዩት በከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው። ከዚያ በላይ ባሕር ዳር የተቀመጠው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። ‹‹ጉዳዩን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንውሰደው›› የሚሉ ወገኖች አሉ። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የሚያዩት ተከራካሪዎቹ ፈቅደው ሲቀርቡ ኒካሕን፣ ፍቺን፣ ቀለብን፣ ውርስንና ወቅፍን የመሰሉ ጉዳዮችን ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን የፈቀደው ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ ነው። ድብደባ፣ ዝርፊያና ግድያ የመደበኛው ፍርድ ቤት ሥራ ነው።

አሁን አንድ ምሳሌ እንያዝ። አንድ ነጋዴ ከገበያ ወደ ቤቱ ሲመለስ ተደብድቦ እጁ ተሰበረ እንበል። የመጀመሪያው በር ፖሊስ ነው። ተጎጂው ቃሉን ይሰጣል፣ ምስክሮቹን ያስመዘግባል፣ ወደ ጤና ተቋም ይላካል። ብዙ ሰው የሕክምና ማስረጃውን እንደ ተራ ወረቀት ያየዋል፤ ነገር ግን ክሱ በየትኛው አንቀጽ እንደሚሆን በአብዛኛው የሚወስነው እሱ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከባድ የአካል ጉዳት ማድረስ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ቀላል ከሆነ ግን በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስና ቅጣቱም አነስተኛ የሆነ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። የግል አቤቱታ ደግሞ ተጎጂው ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ‹‹ቁስሉ ይሻለኛል›› ብሎ ሳይመረመር የቆየ ሰው ማስረጃውንም ጊዜውንም ሊያጣ ይችላል።

ሁለተኛው በር ጊዜ ቀጠሮ ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የመንገዱ ጊዜ በዚህ አይቆጠርም። ፖሊስ ምርመራውን ካልጨረሰ ተጨማሪ ቀን ይጠይቃል። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ስንት ጊዜ ሊሰጥ እንደሚችል ግን ጣሪያ አላስቀመጠም። ሰው ሳይከሰስ ለረጅም ጊዜ የሚታሰረው በዚህ ቀዳዳ ነው።

‹‹ቀጠሮ›› የሚለውን ቃል ሕዝበ ሙስሊሙ በደንብ ያውቀዋል። የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴው አባላት በሐምሌ 2004 ታስረው በፀረ ሽብር አዋጁ ከተከሰሱ በኋላ ጥፋተኛ የተባሉት በሰኔ 2007 ነው። በቀጣዩ ወር በ18ቱ ላይ ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደ። ሦስት ዓመት ሙሉ እናቶች ከቀጠሮ ቀጠሮ ተመላልሰዋል። ያ ጉዳይ በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የታየና የአገር መነጋገሪያ የነበረ ነው። በወረዳ ደረጃ ያሉ መዝገቦች ግን ያን ያህል ዓይን የለባቸውም፤ ስለዚህ ሲጓተቱም የሚጮህላቸው የለም።

በዚህ ደረጃ ብዙ ቁጣ የሚነሳው ተጠርጣሪው በዋስ ሲወጣ ነው። ‹‹ለቀቁት!›› ይባላል። በዋስ መውጣት ግን ነፃ መባል አይደለም። ወንጀሉ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚያስቀጣ ሆኖ ተጎጂው የሞተ ወይም ሊሞት የሚችል ከሆነ ዋስትና አይፈቀድም። ከዚያ በመለስ ተጠርጣሪው ሊጠፋ፣ ምስክር ሊያባብል ወይም ሌላ ወንጀል ሊፈጽም ይችላል ተብሎ ካልታመነ በስተቀር ዋስትና መብቱ ነው። ነገ የሚታሰረው የእኛው ወንድም ሊሆን ስለሚችል ይህን መብት ለሌላው ነፍገን ለራሳችን ልንጠይቅ አንችልም። ዋስትናውን መቃወም የሚፈልግ ቤተሰብ ምስክር እንደተዛተበት የሚያሳይ ነገር ካለው በጊዜው ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ ያስታውቅ።

ሦስተኛው በር ዐቃቤ ሕግ ነው። ምርመራው ሲደርሰው በ15 ቀን ውስጥ ክስ እንዲያቀርብ ሕጉ ያዛል። ማስረጃው አይበቃም ብሎ አልከስም ካለ ደግሞ ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ‹‹መዝገቡ ተዘግቷል›› የሚል የቃል መልስ ይዞ የሚመለስ ሰው ተሳስቷል። የጽሑፍ ውሳኔውን ጠይቆ መያዝ፣ ከዚያም ለበላይ ዐቃቤ ሕግ አቤት ማለት ያስፈልጋል።

አራተኛው በር ችሎቱ ነው። ክሱ ይነበባል፣ ተከሳሹ የእምነት ክህደት ቃሉን ይሰጣል፣ ከካደ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ይሰማሉ። ከዚያ ዳኛው ብይን ይሰጣል። ማስረጃው ካልበቃ ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው ይሰናበታል፤ ከበቃ ‹‹ተከላከል›› ይባላል። ‹‹ተከላከል›› ማለት ግን ገና ጥፋተኛ ማለት አይደለም። የጥፋተኝነት ፍርድና ቅጣት የሚመጣው መከላከያው ከተሰማ በኋላ ነው። ተጎጂው ለሕክምናና ለደረሰበት ኪሣራ ካሣ እንዲወሰንለትም በዚያው የወንጀል መዝገብ ማመልከት ይችላል፤ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ግን ክርክሩ ሲጀመር ነው። ይህን ባለማወቅ ስንቱ ሌላ የፍትሐ ብሔር ክስ ለማቅረብ እንደገና ዳገት ወጥቷል!

መዝገብ በብዛት የሚወድቀው በዚህ በአራተኛው በር ነው፤ ምክንያቱም ምስክር አይቀርብም። ከቆላ የመጣ ገበሬ አንድ ቀን ሥራውን ትቶ፣ የመኪና ከፍሎ ጎረቤላ ይደርሳል። ችሎቱ ተከሳሹ አልቀረበም ተብሎ ይቀጠራል። ሁለተኛም እንዲሁ። በሦስተኛው ይቀራል። በክልሉ ከ2015 ክረምት ወዲህ በቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋና በብዙ ወረዳዎች የፍርድ ቤት ሥራ ሲስተጓጎል ደግሞ ችግሩ ተባብሷል። ዐቃቤ ሕግ ምስክሩን ማቅረብ ካልቻለ ዳኛው በሌለ ማስረጃ ሊፈርድ አይችልም።

ምስክር የሚቀርበት ሌላው ምክንያት እርቅ ነው። ሱልህ በዲናችን የተወደደ ነገር ነው፤ ደም እንዳይመላለስም ብዙ ጠቅሟል። ሆኖም በሽማግሌ ፊት ‹‹ታርቀናል›› መባሉ ሁሉንም ክስ አያቋርጥም። በግል አቤቱታ የሚታይ ጉዳይ ከሆነ አቤቱታ አቅራቢው ሊተወው ይችላል። እንደ ዝርፊያና ከባድ የአካል ጉዳት ያለው ግን ከሳሹ መንግሥት ስለሆነ በእርቅ ብቻ አይቆምም፤ እርቁ ቅጣት ለማቅለል ሊቀርብ ይችላል። አደጋው ሽማግሌዎች እርቁን ሲጨርሱ ምስክሩን ‹‹አላየሁም በል›› ሲሉት ነው። ያ ምስክር ቁርኣን ይዞ ከማለ በኋላ ሐሰት ከተናገረ በሕግ በሐሰተኛ ምስክርነት ይጠየቃል፤ በአላህ ዘንድ ያለው ተጠያቂነት ደግሞ ከዚያ ይከብዳል። የሚያስታርቁ አባቶቻችን እርቁን ከውሸት ምስክርነት ለይተው ቢይዙት ሁለቱም ይከበራሉ።

የመጨረሻው በር ይግባኝ ነው። ይግባኝ ማለት የፈለገ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ያስታውቃል፤ የፍርዱን ግልባጭ ከተቀበለ በኋላ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከቻውን ያቀርባል። የመንግሥት ክስ ከሆነ ነፃ በመባሉ ላይ ይግባኝ የሚለው ዐቃቤ ሕግ ስለሆነ ቤተሰቡ በፍጥነት ሊያነጋግረው ይገባል። ቀኑ ካለፈ ደብረ ብርሃን ድረስ መሄዱ ብቻ በሩን አያስከፍትም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። በየወረዳው ያለ መጅሊስና የመስጂድ ኮሚቴ የመዝገብ ቁጥርና የቀጠሮ ቀን በደብተር የሚይዝ አንድ ሰው ይመድብ። ለምስክሮች የመጓጓዣ ወጪ ጀመዓው ያዋጣ። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ በቀጠሮው ቀን ሁለት ሦስት ሰው በሥርዓት ይቀመጥ፤ ዳኛን ለመጫን ሳይሆን ተጎጂው ብቻውን እንዳልሆነ ለማሳየት። የሕግ ትምህርት ያላቸው ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ማመልከቻ በመጻፍ ያግዙ።

እኛም የምንጽፍ ሰዎች ድርሻ አለብን። ‹‹ተይዘዋል›› ብለን የዘገብነውን ጉዳይ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰን ‹‹መዝገቡ የት ደረሰ?›› ብለን መጠየቅ አለብን። ለተበደለው ወንድማችን ከመጀመሪያው ቀን ጩኸት ይልቅ የሚጠቅመው በአምስተኛው ቀጠሮ ላይ አብሮት የሚገኝ ሰው ነው።